የባሌስትራ ግዢ ከሚዛን ይጀምር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጦች የጨረታ ገጽ ላይ ለአሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ለሃይሉክስ ባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው፣ ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው ዕቃ) ሲጠየቅ፣ ዝርዝር መግለጫው ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም። «ጠንካራ፣ መኪናውን ከፍ የሚያደርግ፣ ኦሪጅናል» ይልና ያበቃል። መኪናው ምን ያህል ክብደት ተሸክሞ እንደሚውል የሚናገር ቃል አይገኝበትም። አቅራቢውም የተጠየቀውን፣ ከፍ ያለና ጠንካራ የሆነውን ያቀርባል። ከዚያ ሁለት ሰው ብቻ ይዞ ወረዳ ለወረዳ የሚዞር መኪና ጠጠር ላይ ይነጥራል፣ ሾኩ (ንዝረት የሚገታው ዕቃ) ቶሎ ቶሎ ያፈሳል፣ የሾክ መያዣው ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ላይ ይሰነጠቃል፣ ሹፌሩ ወገቡን ይታመማል። ሁሉም በመንገዱ ይሳበባል። አብዛኛው ጥፋት ግን የተሠራው ግዢው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ይህን የምጽፈው የስምሪትና የጥገና ክፍሎች፣ በግላቸው አሮጌ መኪና የሚያሠሩም ሁሉ፣ ባሌስትራን በቁመት መግዛት ትተው በክብደት እንዲገዙ ለመጠየቅ ነው።

ጉዳዩ አሁን የበለጠ ያሳስባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያሉት የናፍጣ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል እንዳለባቸው ግልጽ ነው። ሻንሲውን የሚያደክም ባሌስትራ የምንጭንባቸው ትርፍ መኪኖች የሉንም።

በመጀመሪያ መኪናው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ቶዮታ 70 ሲሪስ የሚባለውን ላንድክሩዘር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እኛ ዘንድ ስሙ የታወቀው ባለ 4.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ፣ የገባበት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከባዱ ሞዴል፣ ማለትም 75ቱ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ድረስ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበረው። በዚያ ዓመት ቦታውን 78 ሃርድቶፕና 79 ፒክአፕ ሲተኩት የፊቱ ባሌስትራ ቀርቶ ሞላ (የተጠመዘዘ ስፕሪንግ) ሆነ፣ የኋላው ባሌስትራም ረዘመ። ስለዚህ የ75 የኋላ ባሌስትራ ለ78 አይሆንም፣ የ78ቱም ለ75 አይሆንም። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የሃርድቶፕ ባሌስትራ ስጠኝ» ማለት ገንዘብ አቃጥሎ መመለስ ነው። በዓይን ለመለየት የጎማውን ዳዶ መቁጠር ይበቃል፤ ከፊት ባሌስትራ ያለውና ጎማው በ6 ዳዶ የሚታሰረው የቀድሞው ነው፣ ከፊት ሞላ ያለውና በ5 ዳዶ የሚታሰረው የኋለኛው ነው። የማያሳስተው ግን የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ ካለ ዘመድ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው የሞተሩን ክፍል ከፍቶ የሞዴሉን ሰሌዳ በስልክ አንስቶ ይላክ፤ የመኪናውን ፎቶ መላክ አይጠቅምም። ሃይሉክስ የራሱ መለኪያ አለው፤ የባሌስትራው ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ሲሆን የላንድክሩዘሩ 70 ነው። ይህ ልዩነት ባሌስትራውን ከአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን ከሚያገናኘው ግንድ) ጋር የሚያስረውን ዩ ቦልትም የታችኛውን ሰሌዳም ይለውጣል።

ሞዴሉ ከታወቀ ወደ ዋናው ጥያቄ እንለፍ፤ መኪናው ለምን ከፍ ይላል? ብዙ ሰው ድንጋይ እንዳይነካው ነው ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን በእነዚህ መኪኖች ላይ መጀመሪያ ድንጋይ የሚነካው የዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ሆድ ነው፤ እሱ ደግሞ አክስሉ ላይ ነው ያለው፣ አክስሉ የተቀመጠው በጎማው ላይ ነው። ባሌስትራ የሚያነሳው ሻንሲውንና ገላውን ብቻ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ባሌስትራ ገጥሞ ዲፈረንሻሉ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይነሳም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ነው፤ ያውም የዲያሜትሩን ጭማሪ ግማሽ ብቻ። አገራችን ላይ የተለመደው 7.50 በ16 ጎማና 235/85 በ16 በቁመት ተቀራራቢ ናቸው፣ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። 255/85 በ16 ቢደረግ ቁመቱ 84 ሴንቲ ሜትር ይሆንና ዲፈረንሻሉን ወደ 17 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል። ይኸው ነው።

ታዲያ ከፍ ያለ ባሌስትራ ምን ይጠቅማል? ሦስት ነገር። ቋሚ ጭነት የተጫነበትን መኪና ወደ ፋብሪካ ቁመቱ ይመልሳል። በአክስሉና ከበላዩ ሻንሲው ላይ ባለው መከላከያ ጎማ መካከል ያለውን ክፍተት ያሰፋል፣ ስለዚህ ጉድጓድ ሲገባ ብረት ከብረት ቶሎ አይጋጭም። ወንዝ ሲወርዱና ሲወጡም የፊቱና የኋላው ጫፍ መሬት እንዳይነካ ይረዳል። ለነዚህ ሁሉ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ኃይል ወደ አክስሉ የሚወስደውን የካርዳን ዘንግ ሁሉ አብሮ መለወጥ እንደሚኖርበት አውቆ ይግባ። 70 ሲሪስ ቁመቱ ረጅም፣ ስፋቱ ጠባብ መኪና ነው፤ በላዩ ፖርቶ መጋላ ሞልቶ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር መጨመር መገልበጥን መጋበዝ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ። ጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን በየዱቄት ፋብሪካው፣ በየእህል መጋዘኑ አለ። መኪናው በሥራ ቀን እንደሚሆነው ተዘጋጅቶ ይሂድ፤ ነዳጁ ሙሉ፣ ተቀያሪ ጎማው፣ መፍቻው፣ ጄሪካኑ፣ ሹፌሩ ሳይቀር። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ይውጡ፣ ይመዘገብ። ቀጥሎ ሙሉ መኪናው፣ በመጨረሻ የኋላው ብቻ። የፊቱና የኋላው ድምር ከሙሉው ጋር ካልተቀራረበ ሚዛኑ መግቢያ ላይ መሬቱ ተዳፋት ነው ማለት ነው፤ ይደገም። ከዚያ የሚነሱትን ዕቃዎች በሙሉ አራግፎ እንደገና መመዘን ነው። የሁለቱ ልዩነት ቋሚ ጭነት የምንለው ነው፣ የባሌስትራ ምርጫም በእሱ ይወሰናል።

ሚዛን የማይገኝበት ቦታ ያለ ሰው በሂሳብ ሊቀርበው ይችላል። ናፍጣ በሊትር 0.84 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ የሃርድቶፑ ሁለት ባለ 90 ሊትር ታንኮች ሲሞሉ 150 ኪሎ ነዳጅ ይይዛሉ። አንድ ባለ 20 ሊትር የብረት ጄሪካን ከነናፍጣው ከ20 ኪሎ ያልፋል። ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር፣ ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የሃርድቶፑ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2980 ሚሊ ሜትር ነው። ከፊት አክስሉ 70 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ የተሰቀለ 100 ኪሎ የብረት ባምፐርና ዊንች፣ ፊቱን የሚጫነው በ100 ኪሎ አይደለም፤ በ123 ኪሎ ነው። ትርፏ 23 ኪሎ ከኋላው ተነስታ የመጣች ናት። ስለዚህ ከፊት ከባድ ባሌስትራ የሚያስፈልገው መኪና ከኋላ ቀላል ሊበቃው ይችላል። ፊትና ኋላ በአንድ መጠሪያ «ከባድ» ተብሎ በጥቅል የሚገዛ ስብስብ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የማይስማማው።

አሁን ደግሞ ስለ አሮጌው ባሌስትራ በስፋት የተሠራጨ አንድ ስህተት ልናገር። ባሌስትራ ሲያረጅና መኪናው ሲወርድ «ላላ፣ ለሰለሰ» ይባላል። አልለሰለሰም። ብረቱ ጉብጠቱን አጥቷል እንጂ ግትርነቱ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝቅታ የሚጠይቀው ክብደት፣ ቅጠሉ እስካልተሰበረ ድረስ እንደነበረ ነው። የወረደን መኪና ለማንሳት ጠንካራ ባሌስትራ መግዛት ስለዚህ ያልታመመውን ማከም ነው። የሚፈለገው የድሮው ግትርነት ያለው፣ ጉብጠቱ ግን አዲስ የሆነ ባሌስትራ ነው።

ይህን ግትርነት በሜትርና በሁለት ኩንታል እህል መለካት ይቻላል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ የኋላው ገላ በእጅ ጥቂት ጊዜ ወርዶ ይነሳ፤ የባሌስትራ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ እንዲህ ካልተደረገ ልኩ ያታልላል። ከቸርኬው መሃል እስከ ጎማው በላይ ያለው የገላ ጠርዝ ድረስ በሁለቱም ጎን ይለካ። ከዚያ 200 ኪሎ፣ ልክ በኋላ አክስሉ ትይዩ፣ ይጫን። ገላው እንደገና በእጅ ተነቅንቆ ይለካ። 25 ሚሊ ሜትር ወረደ እንበል፤ 200 ለ25 ሲካፈል 8 ነው፤ ሁለቱ ባሌስትራዎች አንድ ላይ በየሚሊ ሜትሩ 8 ኪሎ፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ይሸከማሉ ማለት ነው። ለዚህ መኪና ቋሚ ጭነቱ 300 ኪሎ ከሆነ፣ ከባዶ ቁመቱ 37 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ያው ግትርነት ያለው፣ ጉብጠቱ በ40 ሚሊ ሜትር የጨመረ ባሌስትራ ጭነቱን እንደተሸከመ ወደ ቁመቱ ይመልሰዋል። ግትርነቱን መጨመር የሚያስፈልገው ጭነቱ ከዚያ ሲያልፍና መከላከያ ጎማው በየጉድጓዱ መመታት ሲጀምር ነው።

ግትርነት ከምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ገዢ አይታለልም። የቅጠሎቹ ቁጥርና ስፋት ሲጨምር ግትርነቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። ውፍረት ግን በኪዩብ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ይሠራል፤ 7 ሚሊ ሜትር የነበረ ቅጠል 8 ሲሆን የዚያ ቅጠል ግትርነት በ50 በመቶ ገደማ ያድጋል። ርዝመቱም እንዲሁ በኪዩብ፣ ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ የረዘመ ይለሰልሳል። ስለዚህ ሻጩ «አንድ ዓይነት ነው፣ የቅጠሉ ቁጥር እኩል ነው» ሲል ካሊበር (የውፍረት መለኪያ) አውጥቶ ውፍረቱን መለካት ተገቢ ነው። ቁጥራቸው እኩል የሆኑ ሁለት ባሌስትራዎች ግትርነታቸው በግማሽ ሊለያይ ይችላል።

የአውስትራሊያ አምራቾች፣ እንደ ኦልድ ማን ኢሙ፣ ዶቢንሰንስና አይረንማን ያሉት፣ በካታሎጋቸው ባሌስትራውን የሚለዩት ከፋብሪካ ክብደት በላይ በሚሸከመው ቋሚ ጭነት ነው። ገዢ ሊመለከት የሚገባው ይህን ረድፍ ነው። መኪናው ባዶውን የሚውል ከሆነ ለቋሚ ጭነት የተሠራውን አይግዛ፤ ምንም ያህል «ጠንካራ ነው» ቢባል ለእሱ ጉዳት ነው። አንዳንድ ጊዜ ባዶ፣ አንዳንድ ጊዜ ሙሉ የሚሆን መኪና የሚስማማው ከሥሩ ወፍራምና ጠፍጣፋ ረዳት ቅጠል ያለው፣ ቀለል ሲል በላይኞቹ ብቻ የሚሠራ፣ ሲጫን ረዳቱ የሚደርስለት ዓይነት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ አውስትራሊያ መሪዋ በቀኝ ነው፣ የእኛ በግራ። የሹፌሩ፣ የመሪው ሳጥን፣ የነዳጅ ታንኩ ክብደት እኩል ስለማይከፈል በአንዳንድ ስብስቦች ውስጥ የግራና የቀኝ ባሌስትራ ጉብጠታቸው ይለያያል። «የሹፌር ጎን» ተብሎ ምልክት የተደረገበት እነሱ ዘንድ ቀኝ ነው። ሳይታይ ከተገጠመ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ጥገናው ደግሞ ሁለቱን ማቀያየር ብቻ ሆኖ ሳለ ባሌስትራው «ፎርጅድ ነው» ተብሎ ይጣላል።

አዲስ መግዛት የማይቻልበት ጊዜ አለ፣ ይገባኛል። ያኔ ሰው ወደ ባሌስትራ ሠሪ ሄዶ ያስጎብጣል። በብርድ በመዶሻ እየተመታ የጎበጠ ባሌስትራ ግን አይቆይም፤ ተጭኖ ጥቂት ሲሠራ ወደነበረበት ይመለሳል፣ መዶሻው የነካበት ነጥብም የመሰንጠቂያ መነሻ ይሆናል። በእሳት ግሎ የጎበጠም ቢሆን ሙቀቱ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ለባሌስትራ የሚውለው የክሮምና የማንጋኒዝ ብረት 850 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ግሎ በዘይት ውስጥ ተነክሮ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከ460 እስከ 510 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንደገና ተሞቆ መብረድ አለበት። ሁለተኛው ሙቀት ከቀረ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ የመጀመሪያው ከቀረ አይጠነክርም። ሥራውን የሚሰጥ ሰው «ዘይት ትጠቀማለህ? መልሰህስ ታሞቃለህ?» ብሎ ይጠይቅ። በአየር ብቻ የሚያበርድ ከሆነ ዕቃውን ይዞ ይመለስ።

አንድ ቅጠል መጨመርም የተለመደ ነው። ቅጠሉ ረጅምና ከሌሎቹ ጋር ተመሳሳይ ጉብጠት ያለው ከሆነ ክፉ አይደለም። አጭር፣ ወፍራምና በጣም የጎበጠ ቅጠል ሲጨመር ግን ጫፎቹ ከላይ ያለውን ቅጠል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚገፉት፣ ዋናው ቅጠል እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። የተሰበረ ቅጠል መበየድ ፈጽሞ አይገባም። የብየዳው ሙቀት ግራና ቀኙን ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰበራል፤ ያ ቅጠል በጫፉ ዓይን (የፒን ቀዳዳ) ያለው ዋናው ከሆነ አክስሉ ከቦታው ይወጣል። የመሃሉን ቀዳዳ በጋዝ ማስፋትም እንዲሁ ነው።

ሌላው አቋራጭ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያንጠለጥሉትን ሁለት ብረቶች ማስረዘም ነው። በ5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝሙ መኪናው የሚነሳው በ2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሚነሳው የባሌስትራው አንድ ጫፍ ነው። 75ቱ ላይ የፊቱ ባሌስትራ ማንጠልጠያው ያለው በፊተኛው ጫፍ ነው። ሲረዝም ፊተኛው ጫፍ ዝቅ ይልና አክስሉ ይዞራል፤ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ላይኛው ጫፍ ወደ ፊት ያዘነብላል። ያኔ መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ አስፋልት ላይ መኪናው ይዋልላል፣ ሹፌሩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ያለማቋረጥ ሲያርም ይውላል። መፍትሔው ማንጠልጠያውን ወደነበረበት መመለስ ነው። በባሌስትራ ለውጥ ምክንያት ትንሽ ዲግሪ ብቻ ከጠፋ፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያለው የብረት ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ ብረት ይሁን፤ አሉሚኒየሙ ይደቅቃል፣ ዩ ቦልቱም ይላላል። ቀጭኑ ጫፉ በየት በኩል እንደሚሆን ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ወይም በታች መሆኑ ይወስነዋል፤ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው የፊት ዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትንሽ ዝቅ ሲል ነው። ዝቅ ሲል ደግሞ የካርዳን ዘንጉ ክሮቼራ (ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ማዕዘን ይከፋል፣ ለዚህ ነው ሽብልቁ ከ4 ዲግሪ እንዳያልፍ የምመክረው። ከፊት ሞላ ባላቸው በ78ና በ79 ላይም ከፍታው ሲጨምር ይኸው የመሪ ችግር ይመጣል፤ በተጨማሪም አክስሉን ከጎን የሚይዘው ዘንግ ርዝመቱ ስለማይለወጥ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። የሚስተካከል ዘንግ ይፈልጋል።

በባሌስትራና በአክስል መካከል የብረት ወይም፣ ባሰ ሁኔታ፣ የእንጨት ጉማጅ ማስገባትንስ? ከፊት በፍጹም አይደረግ። ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ባሌስትራውን ጠምዝዞ ጉማጁን ሊተፋው ይችላል፤ ያኔ መሪ የለም። ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ ክብደት የሚሸከም ዘንግ) ያለው ሃይሉክስ ላይም የማስተካከያ ቡሎኑን እያጠበቁ ፊቱን ማንሳት ይታያል። ቡሎኑ ዘንጉን አያጠነክረውም፣ ቁመቱን ብቻ ይለውጣል፤ ጎማው ወደታች የሚወርድበትን ርቀት ይወስድበታል፣ የፊት አክስል ጎማ ሽፋኖችም በማዕዘኑ ብዛት ይቀደዳሉ።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ላይ ደረስኩ፤ ፍሬን። በብዙ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች ከኋላ አክስሉ በላይ፣ ሻንሲው ላይ፣ የኋላ ፍሬኑን ኃይል እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ። ከእሱ ወጥቶ አክስሉ ላይ የሚታሰር ቀጭን ዘንግ አለው። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይርቃል፣ ቫልቩ ይቀንሳል። መኪናውን በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስናደርግ ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ይረዳል። ሙሉ ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና በአብዛኛው በፊት ፍሬኑ ይያዛል ማለት ነው፤ የፊቱ ይግላል፣ ኋላው በሚገባ አያግዝም። ባሌስትራ የሚቀይር መካኒክ አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጉን መያዣ ከፍታው በጨመረው ልክ ከፍ ማድረግ ወይም ማስተካከያው የሚፈቅድ ከሆነ ዘንጉን ማስተካከል አለበት፤ ከዚያም በጥገና መጽሐፉ መሠረት በግፊት መለኪያ ይረጋገጥ። ይህን ቫልቭ አውልቆ ቱቦውን በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ባዶ መኪና እርጥብ አስፋልት ላይ ኋላው ቀድሞ ይቆለፍና ይዞራል። ከሻንሲ ወደ አክስል የሚሄዱትም የፍሬን ጎማ ቱቦዎች መኪናው በክሪክ ተነስቶ አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል ተወጥረው ከታዩ በረጅም ይቀየሩ።

ሾክ አብዞርበር ክብደት አይሸከምም፤ የባሌስትራውን ንዝረት ይገታል እንጂ። ርዝመቱ ግን ከአዲሱ ቁመት ጋር መስማማት አለበት። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ከላይኛው እስከ ታችኛው መያዣ ይለካ፣ ከዚያ መከላከያ ጎማው ሲነካ ምን ያህል እንደሚቀር ይለካ። ሾኩ ሲዘረጋ ከመጀመሪያው ልኬት ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ሲታጠፍ ከሁለተኛው 10 ሚሊ ሜትር የሚያጥር ይመረጥ። አጭር ከሆነ በየጉድጓዱ አክስሉን አንጠልጥሎ የሚይዘው እሱ ይሆናል፣ መያዣው ይነቀላል። ረጅም ከሆነ ከታች ሲመታ ውስጡ ይሰበራል።

አገጣጠሙ ላይ ስህተት የሚበዛባቸውን ብቻ ላንሳ። ዩ ቦልት አንዴ ከጠበቀ ተስቦ ረዝሟል፣ ስለዚህ ከባሌስትራው ጋር አዲስ ይገዛ፤ የድሮው ተመልሶ አይታሰር። የመሃሉ ቡሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ በጣት ይዳሰስ። አራቱ ዳዶዎች በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሰሌዳውን ያጣምመዋል። የባሌስትራው ዓይንና የማንጠልጠያው ቡሎኖች ግን መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ አይጥበቁ። በእጅ ብቻ ይያዙ፣ መኪናው በጎማው ይቁም፣ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀስ፣ ያኔ በመጨረሻ ይጥበቁ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ፣ ውስጥ ያለው የጎማ ቡሽ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ባሌስትራውን ግትር ያደርገዋል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። «አዲስ ባሌስትራ ገጠምኩ፣ መኪናዬ ደረቅ ሆነ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ግሪስ የሚቀባ ፒን ያለው ባሌስትራም አለ፤ ጭቃና ውሃ የሚያየው መኪና ላይ በየዘይት ለውጡ ግሪስ ይሰጠው።

የአምቡላንሶቹን ጉዳይ ለብቻ ማንሳት ፈለግሁ። በገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚያገለግሉ ብዙ አምቡላንሶች ይኸው ሃርድቶፕ ናቸው። ጭነታቸው ሹፌር፣ ባለሙያ፣ ታካሚና አንድ ሁለት አስታማሚ ነው፤ አምስት ሰው ቢሆን 350 ኪሎ አይሞላም፣ ያውም አብዛኛው በመልሱ ጉዞ የለም። ለእነዚህ መኪኖች ለቋሚ ጭነት የተሠራ ከባድ ባሌስትራ መግዛት አይገባም። ምጥ የያዛት እናት ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ከኋላ አክስሉ አቅራቢያ ነው የሚተኛው፤ የግትር ባሌስትራ ምት በሙሉ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። የፋብሪካው ግትርነት ያለው፣ ጉብጠቱ አዲስ የሆነ ባሌስትራና ጥሩ ሾክ ይበቃል። የጎማው ንፋስም አስፋልት ላይ የተሞላው ጠጠር ላይ ጥቂት ሲቀነስ፣ ሕመምተኛው የሚያገኘው እፎይታ በውድ ከተገዛ ባሌስትራ ይልቃል።

ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ክፍሎች በዚያ አንድ መስመር ምትክ የሚከተለውን ቢጽፉ እጠይቃለሁ፦ የሻንሲ ቁጥርና የሞዴል ዓመት፤ መሪው በግራ መሆኑ፤ የፊትና የኋላ አክስል ባዶ ክብደት በሚዛን ወረቀት፤ የፊትና የኋላ ቋሚ ጭነት ለየብቻ በኪሎ፤ የሚፈለገው የቁመት ጭማሪ በሚሊ ሜትር፣ ከ50 ሳይበልጥ፤ የእያንዳንዱ ባሌስትራ ግትርነት አቅራቢው በጽሑፍ እንዲገልጽ፤ ከባሌስትራው ጋር ዩ ቦልት፣ የጎማ ቡሽና ፒን አብሮ እንዲቀርብ፤ ከቁመቱ ጋር የሚስማማ ሾክ። ርክክቡ ላይ ደግሞ የቅጠሉ ውፍረት፣ ስፋትና ርዝመት በካሊበርና በሜትር ተለክቶ ከሰነዱ ጋር ይመሳከር።

ክፍያውም በሙሉ ገጠማው ቀን ባይፈጸም ይሻላል። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይረጋል፣ እውነተኛ ቁመቱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዩ ቦልቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ እንደገና ከ500 በኋላ መጥበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ ባሌስትራው በአክስሉ ላይ መንሸራተት ይጀምራል፣ የመሃሉ ቡሎን ይቆረጣል። በ1000 ኪሎ ሜትር ላይ አራቱም ጎማዎች ዘንድ ከቸርኬ መሃል እስከ ገላው ጠርዝ ይለካ፤ የግራና የቀኙ ልዩነት ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈ አቅራቢው ይጠራ። የፊት መብራቱም ያን ቀን ዝቅ ተደርጎ ይስተካከል፣ ከፍ ያለ መኪና ሌሊት ከፊቱ የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ